ከወጪ በታች የተሸጠ ዕቃ ሁሉ ኪሳራ ነውን?

አንድ ደላላ ከደሴ የመጣ ነጋዴ አስከትሎ መርካቶ አካባቢ ወደሚገኝ አነስተኛ የጫማ ማምረቻ ይገባል። «ጋሼ፣ ሰውየው 200 ጥንድ የወንድ ጫማ ይፈልጋል፤ ጥሬ ገንዘብ ይዟል። ግን ከ1,350 ብር በላይ አይከፍልም» ይላል። ባለቤቱ ደብተራቸውን ይገልጣሉ። ለአንድ ጥንድ 1,450 ብር እንደሚያወጡ ተጽፏል። «ከኪሴ 100 ብር እየመረቅሁ ጫማ ላድል እንዴ?» ይሉና ሁለቱንም ያሰናብታሉ።

ይህ ታሪክ ለማስረጃ ያህል የተፈጠረ ሲሆን ቁጥሮቹም ለስሌት እንዲመቹ የተጠጋጉ ናቸው። ነገሩ ግን በየሱቁና በየማምረቻው ሳይደገም የሚውልበት ቀን የለም። ባለቤቱ ራሳቸውን ከ20,000 ብር ኪሳራ ያዳኑ መስሏቸዋል። ሒሳቡ በሌላ መንገድ ሲሠራ ግን 40,000 ብር ከበራቸው መልሰዋል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የ60,000 ብር ልዩነት አለ። ልዩነቱን ያመጣው የቆዳ ዋጋ ወይም የገበያ ወሬ አይደለም፤ በደብተሩ ላይ ያለው የ1,450 ብር አጻጻፍ ነው።

1,450 ብሩ ከምን ከምን ተሰበሰበ?

ደብተሩ ውስጥ ያለው ወጪ ጠባዩ የተለያየ ነው። አንዱ ጫማው ሲሠራ ብቻ የሚወጣ ነው። ለአንድ ጥንድ ቆዳ 520 ብር፣ ገበር 90 ብር፣ ሶል 230 ብር፣ ማስቲሽ፣ ክርና ማሰሪያ 80 ብር፣ ለሠራተኛ በጥንድ የሚከፈል የእጅ ዋጋ 160 ብር፣ ካርቶንና ማጓጓዣ 40 ብር፣ ለደላላ 30 ብር፤ በድምሩ 1,150 ብር ይሆናል። ጫማው ካልተሠራ ከዚህ ውስጥ አንዲት ሳንቲም አትወጣም። የሒሳብ ባለሙያዎች ተለዋዋጭ ወጪ የሚሉት ይህንን ነው።

ሌላው ወጪ ጫማ ተሠራም አልተሠራ ወር ሲሞላ በር የሚያንኳኳ ነው። የቤት ኪራይ 60,000 ብር፣ የዘበኛው፣ የሒሳብ ሠራተኛዋና የሌሎች ደመወዝተኞች ክፍያ 65,000 ብር፣ የማሽን እርጅናና ጥገና 30,000 ብር፣ የባንክ ወለድ 25,000 ብር፤ በድምሩ በወር 180,000 ብር ነው። ቋሚ ወጪ ይባላል።

ማምረቻው በወር 1,000 ጥንድ መሥራት ሲችል ገበያው የሚወስድለት 600 ጥንድ ብቻ ነው እንበል። ባለቤቱ 180,000 ብሩን ለ600 አካፍለው በእያንዳንዱ ጥንድ ላይ 300 ብር ጫኑ። 1,150 ሲደመር 300 እነሆ 1,450 ሆነ። በዚህ ላይ 50 ብር ትርፍ ጨምረው ለጅምላ ነጋዴው በ1,500 ብር ያስረክባሉ፤ በወር 30,000 ብር ያተርፋሉ ማለት ነው።

እንግዲህ ችግሩ ያለው 300 ብሯ ላይ ነው። ይህች 300 ብር በጫማው ላይ የተለጠፈች የአርቲሜቲክ ውጤት እንጂ ጫማው ያስወጣት ገንዘብ አይደለችም። የደሴው ነጋዴ 200 ጥንድ ቢገዛ የቤት ኪራዩ አይጨምርም፤ ዘበኛውም ደመወዝ ይጨመርልኝ አይልም። ማሽኖቹ ሥራ ፈትተው ነው የቆሙት። 200ው ጥንድ የሚያስከትለው አዲስ ወጪ በጥንድ 1,150 ብር ብቻ ነው። በ1,350 ብር ሲሸጥ በጥንድ 200 ብር ይተርፋል፤ በ200 ጥንድ 40,000 ብር ይሆናል። የወሩ ትርፍ ከ30,000 ወደ 70,000 ብር ያድጋል።

ከመሸጫ ዋጋው ላይ ተለዋዋጭ ወጪው ተቀንሶ የሚቀረውን ገንዘብ የዘርፉ ሰዎች «ኮንትሪቢዩሽን ማርጂን» ይሉታል። በአማርኛ መዋጮ ቢባል ለነጋዴው ይበልጥ ይቀርበዋል። እያንዳንዱ የተሸጠ ጥንድ ልክ እንደ እድር አባል ለወሩ 180,000 ብር የሚያዋጣው ድርሻ ነውና። በ1,500 ብር የተሸጠው 350 ብር ያዋጣል፤ በ1,350 ብር የተሸጠው 200 ብር ያዋጣል። እድሩ እስኪሞላ ትርፍ የሚባል ነገር የለም። ከሞላ በኋላ የሚመጣው መዋጮ ሁሉ ግን ትርፍ ነው። 180,000 ብር በ350 ሲካፈል 515 ጥንድ ገደማ ይሆናል። ባለቤቱ በየወሩ ከ515ኛው ጥንድ ጀምሮ ነው ለራሳቸው የሚሠሩት። ብዙ ባለሱቆች የወር ሽያጫቸውን በቃላቸው ሲናገሩ ይህን ቁጥር ግን ቢጠየቁ አያውቁትም።

የሚሸሽ ዋጋ

በአማካይ ወጪ የሚተምን ነጋዴ ከዚህ የባሰ ነገር ይገጥመዋል። ገበያው ቀዝቅዞ ሽያጩ ከ600 ወደ 400 ጥንድ ወረደ እንበል። 180,000 ለ400 ሲካፈል በጥንድ 450 ብር ይመጣል። ደብተሩ አሁን ጫማው 1,600 ብር ይፈጃል ይላል። ባለቤቱ እንደ ልማዳቸው 50 ብር ጨምረው ዋጋውን 1,650 ያደርጉታል። በቀዘቀዘ ገበያ ዋጋ ሲጨመር ገዢ ይሸሻል፤ ሽያጩ 300 ጥንድ ይሆናል። ደብተሩ እንደገና ይሰላል፤ ወጪው 1,750 ብር ደርሷል። በዚህ ሁሉ መካከል የቆዳውም የሶሉም ዋጋ ንቅንቅ አላለም። በተቃራኒው 900 ጥንድ ቢሸጥ ያው ጫማ 1,350 ብር «ይፈጃል»፤ የደሴው ነጋዴ ያቀረበው ዋጋ ማለት ነው። ሽያጩ ዋጋውን እየወሰነ ዋጋው ደግሞ ሽያጩን የሚወስን ከሆነ ደብተሩ ምንም የሚያስረዳው ነገር የለም።

ይህ ዓይነቱ ግራ መጋባት የመርካቶ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1936 ጆናታን ሐሪስ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሰው በአገሩ የወጪ ሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ኅትመት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ጥያቄው ባለፈው ወር ምን አተረፍን የሚል ነበር። ሽያጭ አድጎ ሳለ የሒሳብ መዝገቡ ትርፍ ወርዷል የሚልበትን እንቆቅልሽ አንሥቶ ቋሚ ወጪ በዕቃው ላይ መጫኑ እንዲቀር ይሞግታል። ዛሬ በየኮሌጁ የሚሰጠው የመዋጮ ትምህርት ከዚያ ክርክር ብዙ ወስዷል።

አየር መንገዱ እንዴት አሰላው?

ስሌቱ በትልቅ ድርጅት ሲሠራበት ምን እንደሚመስል ለማየት ኮንቲኔንታል የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቢዝነስ ዊክ መጽሔት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1963 ባወጣው ዘገባ መሠረት ድርጅቱ ባለፈው ዓመት በቦይንግ 707 ጄቶቹ ላይ ካሉት መቀመጫዎች የሞላው ግማሹን ብቻ ነበር። ከአገሪቱ አማካይ በ15 ከመቶ ነጥብ ያህል ያነሰ ነው። ያየ ሁሉ ይህ ድርጅት ከሥሯል ሊል ይችላል። ድርጅቱ ግን ሆን ብሎ ነበር ግማሽ ባዶ አውሮፕላን የሚያበርረው፤ ያተርፍም ነበር።

መጽሔቱ ስሌቱን በአንድ በረራ አሳይቷል። አንድ ተጨማሪ የቀን በረራ ይጀመር ወይስ ይቅር የሚል ጥያቄ ቀረበ። የድርጅቱ ጠቅላላ ወጪ ተደልድሎ ሲሰላ የበረራው ወጪ 4,500 ዶላር ነው። በረራው በመደረጉ ብቻ የሚወጣው ገንዘብ ግን 2,000 ዶላር ነው። ከመንገደኛ የሚጠበቀው ገቢ ደግሞ 3,100 ዶላር ነው። በደብተር ሒሳብ 1,400 ዶላር ኪሳራ አለ። ድርጅቱ በረራው ይጀመር ብሎ ወሰነ፤ ምክንያቱም 3,100 ዶላር ሲገባ 2,000 ብቻ ስለሚወጣ 1,100 ዶላር ለድርጅቱ ይተርፋል። የምድር ሠራተኛው፣ ጣቢያውና አስተዳደሩ በረራው ቢኖርም ባይኖርም ይከፈላቸዋል።

አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። የድርጅቱ ኃላፊዎች መደበኛው የበረራ ሰሌዳ በጠቅላላው ወጪውን መሸፈን እንዳለበት ያውቁ ነበር። የመዋጮው ስሌት የሚሠራው በዚያ መሠረት ላይ ለሚጨመረው በረራ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ትምህርት ይዞ ሁለተኛውን ይረሳል።

የእኛው ቲማቲም ቸርቻሪም ቢሆን ሳይማር ይህን ያውቃል። ጠዋት ኪሎውን በ50 ብር ገዝቶ በ70 ብር ሲሸጥ የዋለው ሲመሽ በ35 ብር ውሰዱ ይላል። ጠዋት የከፈለው 50 ብር ከእጁ ወጥቷል፤ አይመለስም። ቲማቲሙ ነገ ይበሰብሳል። በዚያች ሰዓት ለአንድ ኪሎ የሚያወጣው አዲስ ወጪ የለም፤ የሚያገኛት 35 ብር በሙሉ መዋጮ ናት። ባለ ዲግሪ ሥራ አስኪያጅ መጋዘን ሞልቶ ያረጀ ሞዴል ይዞ «ከገዛሁበት በታች አልሸጥም» ሲል የሚታየው ቸርቻሪው ያለፈበትን ትምህርት ነው።

100 ብር መቀነስ ስንት ያስከፍላል?

እስካሁን የተነገረው ባለቤቱ ዋጋ እንዲቀንሱ የሚገፋፋ ይመስላል። ጉዳዩ እንዲህ አይደለም። ያው ስሌት ከተገለበጠ ቅናሽ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ያሳያል፤ በዚህ በኩል ያለው ትምህርት ለአብዛኛው ነጋዴ የበለጠ ይጠቅማል።

ባለቤቱ ለሁሉም ደንበኛ ዋጋውን ከ1,500 ወደ 1,400 ብር ቢያወርዱ ምን ይሆናል? ከዋጋው አንጻር ቅናሹ 7 ከመቶ አይሞላም። ከመዋጮው አንጻር ግን ከ350 ብር ላይ 100 ብር፣ ማለትም 29 ከመቶ ገደማ ሄዷል። ቀድሞ በ600 ጥንድ ያገኙት የነበረውን 210,000 ብር መዋጮ ለማግኘት አሁን 840 ጥንድ መሸጥ አለባቸው። ሽያጩ በ40 ከመቶ ካላደገ ቅናሹ ጉዳት ነው። ዋጋው በ7 ከመቶ ስለወረደ ብቻ ገበያው በ40 ከመቶ ይሰፋል ወይ? ጥያቄው ለእያንዳንዱ ገበያ ለየብቻ የሚመለስ ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩን ሳያውቁ መመለስ አይቻልም።

ጭማሪም በዚሁ ይለካል። ዋጋው 1,600 ብር ቢሆን መዋጮው 450 ብር ይሆናል፤ 467 ጥንድ ብቻ ቢሸጥ እንኳ ያው 210,000 ብር ይገኛል። ከስድስት መቶው ደንበኛ 133 ቢሸሽ ባለቤቱ አይጎዱም ማለት ነው። እንዲያውም ለቆዳ የሚያስሩት ገንዘብ ይቀንሳል። «ደንበኛ ይሄድብኛል» የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ ስንት ደንበኛ ቢሄድ ነው የሚጎዳው የሚለው ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የተቀነሰው ብር ከቅናሹ በኋላ ለሚቀረው መዋጮ ይካፈላል። የንግዱ ዓይነት ሲለያይ ውጤቱ በጣም ይለያያል። አንድ ቸርቻሪ በ940 ብር ያመጣውን ዕቃ በ1,000 ብር የሚሸጥ ከሆነ መዋጮው 60 ብር ነው። ለደንበኛ ፊት ብሎ 3 ከመቶ ወይም 30 ብር ቢቀንስ የመዋጮውን ግማሽ ሰጠ። ያንን ለመመለስ ሽያጩ እጥፍ መሆን አለበት። በሌላ በኩል አንድ ሆቴል ክፍሉን በ3,000 ብር ሲያከራይ ለሳሙና፣ ለአንሶላ እጥበት፣ ለውኃና ለቁርስ 500 ብር ብቻ ቢያወጣ መዋጮው 2,500 ብር ነው። 10 ከመቶ ቢቀንስ የሚያስፈልገው 14 ከመቶ ገደማ ተጨማሪ እንግዳ ነው። ሆቴሎች በጾምና በክረምት ወራት ቅናሽ ሲያውጁ የእህል ነጋዴው ግን ከመቶ አንድ ብር አልቀንስም ብሎ የሚከራከረው ስስታም ስለሆነ አይደለም።

ከነዚህ ሁለት ዓይነት ንግዶች ጫማው መካከል ላይ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የቻይና ጫማ መርካቶን ባጥለቀለቀበት ጊዜ የአገር ውስጥ ጫማ ሠሪው ይህን ፈተና በግልጽ አይቷል። ዋጋው በገበያው ተወስኖ መጣ፤ ማንም የአምራቹን ኪራይና ወለድ ደምሮ ይጨምርልህ አላለውም። ብዙዎች ዘጉ። የቆሙት ዋጋ በመቀነስ ብቻ አልቆሙም፤ የጫማውን ቅርጽና ጥራት አሻሽለው ገዢው ጥቂት ብር ጨምሮ የሚወስደው ዕቃ ማውጣት ጀመሩ። በመዋጮ ቋንቋ ሲነገር ትንሽ ተለዋዋጭ ወጪ ጨምረው ከዚያ የበለጠ ዋጋ አገኙ።

ጠባቡ በር የትኛው ነው?

ባለቤቱ ሁለተኛ ምርት አላቸው እንበል፤ ቀለል ያለ የሴት ጫማ። ዋጋው 1,000 ብር፣ ተለዋዋጭ ወጪው 760 ብር፣ መዋጮው 240 ብር ነው። የወንዱ 350፣ የሴቱ 240፤ ስለዚህ የወንዱ ይሻላል? ማሽኑም ሠራተኛውም ዕቃውም የተትረፈረፈ ከሆነ ጥያቄው ራሱ ትርጉም የለውም፤ ሁለቱንም መሥራት ነው። ምርጫ የሚመጣው አንድ ነገር ሲያጥር ነው።

መብራት እየጠፋ የስፌት ማሽኖቹ በወር የሚሠሩት 600 ሰዓት ብቻ ነው ቢባል፣ የወንዱ ጫማ አንድ ሰዓት፣ የሴቷ ግማሽ ሰዓት ስፌት ይወስዳሉ። 600 ጥንድ የወንድ ጫማ 210,000 ብር ያዋጣል። በዚያው ሰዓት 1,200 ጥንድ የሴት ጫማ ቢሰፋና ገበያው ቢወስደው 288,000 ብር ያዋጣል። በጥንድ ያነሰችው ጫማ በሰዓት ትበልጣለች። አሁን ደግሞ መብራቱ ደህና ሆኖ የጠፋው ሶል ነው ይባል። ከውጭ የሚመጣው ሶል በውጭ ምንዛሪ እጥረት ዘግይቶ በእጅ ያለው 600 ጥንድ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ የወንዱ 210,000 ብር፣ የሴቷ 144,000 ብር ያዋጣሉ። መልሱ ተገለበጠ። ዋጋው፣ ወጪው፣ ጫማው ያው ነው፤ የተለወጠው ያጠረው ነገር ነው።

የደሴው ትእዛዝም በዚህ ዓይን መታየት አለበት። ማሽኖቹ ሥራ ፈትተው ሳለ 40,000 ብር የሚያመጣው ትእዛዝ፣ ማሽኖቹ ሞልተው ሳለ ከመጣ 200 ጥንድ የ350 ብር ጫማ አስወጥቶ በ200 ብር ይተካል፤ 30,000 ብር ያሳጣል። ስለዚህ «ይህ ዋጋ ያዋጣል ወይ?» ተብሎ ለሚቀርብ ጥያቄ የማምረቻውን የሥራ መጠን ሳያዩ መልስ መስጠት አይቻልም። አንድ ደላላ የማምረቻዎችን ሥራ የሚፈታበትን ወር ካወቀ የትኛው ባለቤት በምን ጊዜ ዋጋ እንደሚቀንስ ከባለቤቱ ቀድሞ ያውቃል፤ ጎበዞቹ ደላሎችም የሚኖሩት በዚህ ነው።

ዶላር ሲዘል

የኢትዮጵያ ነጋዴ የምንዛሪ ለውጥ አዲስ አይደለም። በመስከረም 1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲወጣ ያየ ነጋዴ ዛሬም ገበያ ላይ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ባደረገበት ዕለት ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር 74 ብር ገባ፤ በሳምንታት ውስጥም 100 ብርን አለፈ።

በምሳሌው ማምረቻ ላይ ሶሉ፣ ማስቲሹና ገበሩ ተወድዶ ተለዋዋጭ ወጪው ከ1,150 ወደ 1,300 ብር ደረሰ እንበል። 13 ከመቶ ነው። ባለቤቱ ደንበኛ እንዳይሸሽ ብለው በ1,500 ብር ቢቆዩ መዋጮው ከ350 ወደ 200 ብር ይወርዳል። ወጪ የሚሸፈንበት መጠን ከ515 ጥንድ ተነሥቶ 900 ጥንድ ይሆናል። ማምረቻው በሙሉ አቅሙ ቢሠራ እንኳ ከ1,000 አያልፍም። በ600 ጥንድ ላይ የነበረው የ30,000 ብር ትርፍ ወደ 60,000 ብር ኪሳራ ይገለበጣል። ዋጋው 1,600 ብር ከሆነ በ600 ጥንድ ልክ ወጪና ገቢ ይተካከላል። 1,650 ሲሆን መዋጮው እንደቀድሞው 350 ይሆናል፤ ከስድስት መቶው 85 ገዢ ቢጎድል እንኳ ኪሳራ የለም።

እዚህ ላይ የብዙ ባለሱቅ ስሕተት «ዕቃው በድሮ ዋጋ የገባ ነው፤ አሁን በድሮው ብሸጠው አተርፋለሁ» የሚለው ነው። ሶሉን በ230 ብር የገዛ ሰው መተኪያውን በ300 ብር የሚገዛ ከሆነ ለዛሬው ስሌት የሚያገለግለው 300 ብር ነው። አለበለዚያ በወሩ መጨረሻ ደብተሩ ትርፍ ያሳያል፤ በዚያ ገንዘብ የሚገዛው ሶል ግን ከቀድሞው ያነሰ ይሆናል። የቲማቲሙ ጉዳይ ከዚህ ጋር የሚጋጭ ሊመስል ይችላል፤ አይጋጭም። የመሸው ቲማቲም የሚተካ አይደለም፤ ሶሉ ግን ነገ ይተካል። በሁለቱም ቦታ የሚጠየቀው ያለፈው ክፍያ ሳይሆን ከዚህ ሽያጭ የተነሣ ወደፊት የሚወጣው ገንዘብ ነው።

ትእዛዙን ከመቀበል በፊት

የመዋጮን ስሌት የተማረ ሰው ሁሉንም ትእዛዝ መቀበል ይጀምራል። አደገኛ ነው። ባለቤቱ ሙሉውን 1,000 ጥንድ በ1,350 ብር ቢሸጡ መዋጮው 200,000 ብር ይሆናል፤ 180,000 ሲቀነስ 20,000 ብር ይቀራል። 400 ጥንድ ጨምረው ደክመው ከቀድሞው ትርፍ በ10,000 ብር ያንሳሉ። በርካሽ የሚሸጠው ዕቃ በትርፍ ጊዜና በትርፍ ማሽን የሚሠራ መሆን አለበት።

ከዚህ የሚብሰው የወሬው ነገር ነው። መርካቶ ውስጥ ምሥጢር እስከ ምሳ ሰዓት አይቆይም። የአዲስ አበባ ጅምላ ነጋዴዎች «ለደሴው በ1,350 ሰጥተኸዋል» ብለው ያንኑ ዋጋ ቢጠይቁ 600 ጥንድ ላይ በያንዳንዱ 150 ብር ይታጣል፤ 90,000 ብር ማለት ነው። የ40,000 ብሩ ደስታ ወደ 20,000 ብር የወር ኪሳራ ይለወጣል። እንዲያውም ከስድስት መቶው 267ቱ ብቻ ቅናሹን ካገኙ ትእዛዙ ያመጣው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ቅናሽ የሚሰጥበት ገበያ ከመደበኛው ገበያ መራቅ አለበት፤ በቦታ፣ በሞዴል፣ በምልክት ወይም በወቅት። የደሴው ነጋዴ በዚህ በኩል ጥሩ ገዢ ነው፤ ዕቃውን መልሶ መርካቶ ላይ እስካላራገፈ ድረስ።

ዱቤም አለ። ነጋዴው ጥሬ ገንዘብ ይዞ መጣ ተባለ እንጂ ብዙ ጊዜ የሚያዘው ቀኑ ወደፊት የተጻፈበት ቼክ ነው። 200 ጥንድ ለመሥራት ባለቤቱ 230,000 ብር ከኪሳቸው ያወጣሉ። ከ200ው ውስጥ የ30ው ጥንድ ዋጋ ሳይከፈል ቢቀር 40,500 ብር ነው፤ መዋጮው በሙሉ ሄደ። ሙሉ ዋጋ በሚከፍል ደንበኛ ላይ የሚታገሡት ዱቤ በቅናሽ ለገዛ ሰው አይሰጥም።

«ቋሚ» የተባለውም ለዘላለም ቋሚ አይደለም። በዓመቱ ውል ሲታደስ ኪራዩ ይጨምራል፤ ማሽኑ ያረጃል፤ ሁለተኛ ፈረቃ ከተጀመረ ሁለተኛ ዘበኛ ይመጣል። ለሦስት ወር ትእዛዝ ቋሚ የሆነው ወጪ ለሦስት ዓመት ውል ተለዋዋጭ ነው። የአንድ ጊዜ ትእዛዝና ቋሚ ደንበኛ በአንድ ዋጋ የማይስተናገዱት ለዚህ ነው።

በመጨረሻ ደላላው ሳይጠቅሰው ባለቤቱም ሳይጠይቁት ያለፈ ነገር ነበር። 1,350 ብሩ ከነታክሱ ነው ወይስ ያለታክሱ? ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 ከመቶ ነው። የተመዘገበ ድርጅት ታክሱን ለመንግሥት ይሰበስባል እንጂ የእርሱ ገንዘብ አይደለም። በግብዓት ላይ የከፈለው ታክስ ደግሞ ስለሚቀናነስለት ከ1,150 ብሩ ውስጥ አልተቆጠረም። ነጋዴው «1,350 ከነቫቱ» ማለቱ ከሆነ ማምረቻው እጅ የሚቀረው 1,174 ብር ገደማ ነው። መዋጮው በጥንድ 24 ብር፣ በ200 ጥንድ 4,800 ብር አይሞላም፤ በአራት ጥንድ ያልተከፈለ ዱቤ የሚጠፋ ገንዘብ ነው። ያኔ ባለቤቱ ሁለቱን ሰዎች ማሰናበታቸው ልክ ነበር፤ ምክንያቱ ግን ደብተራቸው ላይ ያለው 1,450 ብር አይደለም።